በወረቀት ላይ ጨርቅ መስፋት፦ አራተኛው ኮከቤም ከሸፈ

ጀማሪዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው የስፌት መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ነው።

እህቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ለልጁ ኩዊልት ልሰፋለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ አሜሪካኖቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው፣ ከመሐል ጥጥ አስገብተው፣ ከገበሩ ጋር አብረው የሚሰፉትን የአልጋ ልብስ ማለቴ ነው። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ገና ሳይወለድ ድሪቶ ልታለብሱት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ ድሪቶ አለመሆኑን ማሳየት አለብኝ።

ለስፌት ፍጹም እንግዳ አይደለሁም። መጋረጃ እቀመቅማለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በየቅዳሜው ተሰብስበው የሚሰፉ ሴቶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዷ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ትልቅ ሴት፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ኮከብ ሲሰፉ አየሁ። ምስጢሩ ወረቀቱ ነው። ንድፉ ወረቀት ላይ ታትሟል፤ ጨርቁ ከወረቀቱ ጀርባ ይሆናል፤ ስፌቱ በታተመው መስመር ላይ በማሽን ይሄዳል፤ ሲያበቃ ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል። እርሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን ከሠሩ እኔን ምን ያቅተኛል አልኩ።

አቃተኝ። 12 ኮከብና 13 ሜዳ ካሬ (ንድፍ የሌለው፣ ከአንድ ጨርቅ የተቆረጠ) እያፈራረቅሁ 5 በ5 አድርጌ ልገጥም ነበር ያሰብኩት። ሜዳ ካሬዎቹን ቆርጬ ጨርሻለሁ። ባለ 6 ኢንች የኮከብ ንድፍ ከኢንተርኔት አውርጄ አተምኩ። በመጀመሪያው ኮከብ፣ ጨርቁን ሰፍቼ ስገልጠው ቦታውን አልሸፍን አለ፤ አንዱ ጥግ ባዶ ወረቀት ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው የጨርቁ ጀርባ ወደ ላይ ወጣ። በሦስተኛው ወረቀቱን ስቀድ ስፌቱም አብሮ ተከፈተ። አራተኛው አማረ! ጫፎቹ ሾሉ፣ ጥጎቹ ገጠሙ፤ ከሜዳ ካሬው ጋር ሳስተያየው ግን በአንድ ሴንቲ ሜትር አንሶ ተገኘ። ከመስመሩ ንቅንቅ አላልኩም። ወረቀቱ ነው የዋሸኝ ወይስ እኔ?


የሚኒያፖሊሷ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

አይዞሽ እህቴ። ሦስቱ ጥፋቶች በሁላችንም ደርሰዋል፤ እኔ ሁለተኛውን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። አራተኛው ግን የስፌት ጥፋት አይመስለኝም። ስለ ማተሚያ የሚያውቅ ሰው ይመልስልሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ቀላሉ እርሱ ስለሆነ። ንድፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ጨርቆቹ የሚሰፉበት ተራ ናቸው፤ ጀርባውን ለወረቀቱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ አንቺ የሚያዞረው ቁጥር 1 ጨርቅ ብቻ ነው። የሚቀመጠውም ባልታተመው የወረቀቱ ገጽ ላይ ነው። ከቁጥር 2 ጀምሮ ያለው ሁሉ ፊቱን ቀድሞት ካለው ጨርቅ ፊት ጋር ገጥሞ ይሰፋና ከዚያ ይገለጣል። ይህን በቃል መያዝ ካስቸገረሽ ቁጥር 1ን በጣት ጫፍ የምታህል ኮላ ወረቀቱ ላይ አጣብቂው። ስፒል ወረቀቱን ያጎብጠዋል።

የመጀመሪያው ጥፋት ዋናው ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚተወው በእርሱ ምክንያት ነው። የስፌቱን መስመር እንደ በር ማጠፊያ፣ ጨርቁን እንደ መዝጊያ አስቢው። ስትሰፊው በሩ ዝግ ነው። ከሰፋሽ በኋላ በማጠፊያው ላይ ዞሮ ይከፈትና ሌላ ቦታ ይሸፍናል። አንቺ ጨርቁን ያስቀመጥሽው ዝግ ሳለ ቦታውን የሸፈነ መስሎሽ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ላይ ደግሞ ዓይን ይበልጥ ይታለላል፤ ሰያፍ የሆነ ጨርቅ ሲገለጥ ጥጉ ወዳላሰብሽው አቅጣጫ ይሄዳል።

እኔ መገመቱን ትቼዋለሁ። ቁጥር 1 በቦታው ከተቀመጠ በኋላ በ1 እና በ2 መካከል ባለው መስመር ላይ ፖስት ካርድ አስደግፌ ወረቀቱን ወደ ኋላ አጥፋለሁ። ከእጥፋቱ ያለፈውን ጨርቅ 6 ሚሊ ሜትር አስቀርቼ እከረክማለሁ። (ሩብ ኢንች ነው፤ ጠርዙ ላይ ልክ ይህን ያህል ስፋት ያለው እርከን ያለበት ማስመሪያ ይሸጣል፤ ተራ ማስመሪያም ይበቃል።) ወረቀቱን ስዘረጋው የተከረከመው ጠርዝ ራሱ ምልክት ሆኖልኛል፤ የቁጥር 2ን ጠርዝ ከእርሱ ጋር አስተካክዬ፣ ፊት ለፊት ገጥሜ፣ ገልብጬ መስመሩ ላይ እሰፋለሁ። ከዚያም እገልጠዋለሁ፣ ያለ እንፋሎት እተኩሰዋለሁ፣ ቀጣዩን መስመር አጥፋለሁ። እንፋሎት ወረቀቱን ያጨማድደዋል።

ካላመንሽው ከመስፋትሽ በፊት በመስመሩ ላይ ሁለት ስፒል ሰክተሽ ጨርቁን ግለጪና ወረቀቱን ወደ መብራት አንሥተሽ ተመልከቺ። ጥላው ቦታውን ሸፍኖ በዙሪያው ትርፍ ካለው ስፊው። ለመጀመሪያው ወር በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ትርፍ ተዪ። ጨርቅ ይባክናል፤ ይባክን። ምሽት ሙሉ ከመፍታት ይረክሳል።

ሦስተኛው የማሽንሽ ጉዳይ ነው። የስፌቱን ርዝመት ስንት ላይ አድርገሽው ነበር?


ጀማሪዋ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

2.5 ላይ። ማሽኑ ሲከፈት ራሱ የሚቆምበት እርሱ ነው። በሩንና ማጠፊያውን ሳነብ ጮኼ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።


የሚኒያፖሊሷ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡38

1.5 ላይ አውርጂው። ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ወረቀቱ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይለቃል፤ ስፌቱም ቶሎ አይከፈትም። መርፌውም ወፈር ይበል፣ 90/14 የሚባለው ውፍረት ጥሩ ነው። ከመስመሩ ሁለት ሦስት ስፌት ቀድመሽ ጀምሪ፣ ሁለት ሦስት አልፈሽ ጨርሺ፤ ቀጣዩ ስፌት ተሻግሮት ስለሚሄድ ይቆልፈዋል። ወረቀቱን ስትቀጂ በግራ አውራ ጣትሽ ስፌቱን ተጭነሽ ይሁን እንጂ እንደ ደብዳቤ ፖስታ አትቦጭቂው።

አንድ ነገር ደግሞ። ካሬው ከጎረቤቶቹ ጋር ሳይሰፋ ወረቀቱን አታውጪ። የካሬው ዳር በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ ሰያፍ ጨርቅ ደግሞ ይሳባል። ወረቀቱ ቀጥ አድርጎ የያዘው እርሱን ነው።


ጋሼ ሲንጀር (አዲስ አበባ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆቼ፣ ሌሊቱን ስትጽፉ ማደራችሁን አየሁ።

ከ30 ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ፔዳሏን እየረገጥኩ። ጌታዬ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር በልብስ መርፌ ወረቀት አትንካ የሚል ነበር። ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል። የደነዘዘ መርፌ ደግሞ የሰው ልብስ ይቦጭቃል፣ ዕዳው የሰፊው ነው። ወረቀቱ በኋላ ተቀዶ የሚጣል ከሆነ ለምን በኖራ ጠመኔ ጨርቁ ላይ አስምራችሁ አትሰፉም? በጠመኔ ስንት ሱፍ ቆርጠናል።


የሚኒያፖሊሷ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሼ፣ ስለ መርፌው እውነትዎን ነው። እኛም ለወረቀት ለብቻው መርፌ እንመድባለን፤ እኔ ያረጁ መርፌዎችን በትንሽ ቆርቆሮ አከማችቼ ለዚህ ብቻ አውላቸዋለሁ።

ጠመኔው ግን እዚህ አይሆንም። እርስዎ ሱፍ ሲቆርጡ ጨርቁ ሰፊ ነው፣ ራሱን ችሎ ይተኛል። እዚህ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሦስት ማዕዘን ከሌላዋ ጋር ይሰፋል። ጨርቁ በሰያፍ ሲሆን ማሽኑ ራሱ ይጎትተዋል፤ ጠመኔው ትክክል ቢሆንም ጨርቁ ከጠመኔው ይሸሻል። ወረቀቱ አይሸሽም።


ክር ቆጣሪ (ፍራንክፈርት)
እሑድ፣ ከቀኑ 5፡00

የአራተኛውን ኮከብ ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። መርፌ ይዤ አላውቅም፤ ባለቤቴ ናት የምትሰፋው፣ እኔ የማተሚያ ክፍሉ ነኝ።

ጀማሪዋ፣ ንድፉ ላይ «ይህ ካሬ 1 ኢንች መሆን አለበት» የሚል ትንሽ የመለኪያ ካሬ አለ? ለኪው። 2.54 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ወረቀቱ ዋሽቶሻል።

ምን እንደሆነ ልገምት። ንድፉን የሠራው ሰው አውሮፓ ነው፤ ገጹ ኤ4 ነው፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር። አንቺ አሜሪካ ነሽ፤ ማተሚያሽ ውስጥ ያለው ሌተር የሚባለው ወረቀት ነው፣ 216 በ279። ቁመቱ ስለማይበቃ ኮምፒውተርሽ «ገጹ ላይ እንዲበቃ» ብሎ ሳይጠይቅሽ አሳነሰው። 279ን ለ297 ብታካፍዪው 94 በመቶ ይመጣል። ባለ 6 ኢንች ኮከብ ከስፌት ትርፉ ጋር 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 94 በመቶው 15.5። የጠፋብሽ አንድ ሴንቲ ሜትር ያውልሽ።

መድኃኒቱ ስታትሚ «ትክክለኛ መጠን» ወይም 100 በመቶ የሚለውን መምረጥ ነው። ባለ 6 ኢንች ካሬ በሁለቱም ወረቀት ላይ ሳይነካ ይበቃል፤ የሚቆረጠው ባዶው ኅዳግ ብቻ ነው። ካሬው ከ8 ኢንች ካለፈ ግን በአንድ ገጽ አይገባም፤ ከፋፍሎ አትሞ መለጠፍ ያስፈልጋል። 12ቱንም በአንድ ማተሚያ አትሚ። አንዱን አትመሽ የቀረውን ፎቶ ኮፒ አታስነሺ፤ የቅጂ ቅጂ ሲሆን መስመሩ ቀስ በቀስ ይሳሳታል።


ጀማሪዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

2.4 ሴንቲ ሜትር!

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ሦስት ቀን ራሴን ስወቅስ ነበር። ለመሆኑ አሥራ ሁለቱንም በትንሹ መጠን ሰፍቼ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? ብዬ ደነገጥኩ።


የሚኒያፖሊሷ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡45

ሜዳ ካሬዎቹን ወደ 15.5 ታሳንሻቸውና ኩዊልቱ ከ76 ይልቅ 71 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሕፃኑ ማስመሪያ ይዞ አይወለድም። አሁን ግን አንዱን ብቻ ስለሰፋሽ እንደገና አትሚ፤ ትንሹን ኮከብ ለትራስ አስቀምጪው።


ጋሼ ሲንጀር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጠዋት የተናገርኩት ዕረፍት ነሣኝ። ትዝ ያለኝን ልንገራችሁ።

ሽፎን ሲመጣልኝ፣ የሚዜ ቀሚስ፣ ማሽኑ ጥርሶች ውስጥ ይገባብኝና ይጨማደድ ነበር። ያኔ ከሥሩ ጋዜጣ አነጥፍና አብሬ እሰፋዋለሁ፣ በኋላ ጋዜጣውን ቀድጄ አወጣለሁ። ቀለሙ ነጩን ጨርቅ ስላቆሸሸብኝ በኋላ ባዶ ወረቀት ማንጠፍ ጀመርኩ። ለካስ ጌታዬ የከለከለኝን ስሠራ ነው የኖርኩት። የእናንተ ነገር እርሱ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ መስመር መኖሩ ብቻ ነው።

የእኔ ማሽን 1.5 የሚል ቁጥር የላትም። እንዴት ላስተካክላት?


ክር ቆጣሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ይስፉና አንድ ሴንቲ ሜትር ለክተው ይቁጠሩ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ መርፌዋ ከ6 እስከ 7 ጊዜ ከወጋች 1.5 ማለት ነው። ስለ ጋዜጣው ቀለም የተናገሩት ለማተሚያም ይሠራል። የአንዳንዱ ማተሚያ ቀለም ካውያ ሲነካው ወደ ጨርቅ ይተላለፋል። በታተመው ገጽ በኩል ባይተኩሱ ይሻላል። ወረቀቱም በሳሳ ቁጥር ለመቅደድ ይቀልላል።


ባለ ስድስት ማዕዘን (ሊድስ፣ እንግሊዝ)
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ዘግይቼ ደረስኩ። ስለ ማሽን ብዙ ተባለ፤ ማሽን የሌለው ሰውስ? እኔ አንድ ክፍል ነው የምኖረው፣ ማሽን ባስቀምጥ አልጋዬ ይወጣል። እዚህ አገር የቆየው መንገድ ደግሞ ያለ ማሽን ነው።

ካርቶን ቀረብ ከሚል ወረቀት፣ እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኢንች የሆነ ስድስት ማዕዘን ትቆርጣላችሁ። ጨርቁን በየዙሪያው 6 ሚሊ ሜትር አስበልጣችሁ ቆርጣችሁ ጠርዙን በወረቀቱ ላይ እያጠፋችሁ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ትይዙታላችሁ። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥማችሁ ጠርዝ ለጠርዝ በጥቃቅን ስፌት ታያይዛላችሁ። መርፌዋ ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ትያዝ፤ ወረቀቱን አትውጋው። አንዱን ቅርጽ ስድስት ጎረቤቶች ከከበቡት ወረቀቱ ይወጣና ለሌላ ያገለግላል። አንድ መሐል፣ በዙሪያው 6፣ ከዚያ 12፤ በ19 ቁራጭ አበባ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሴቶች ይህን አበባ በብዛት ይሰፉት ነበር፣ «የአያት የአበባ አትክልት» ይሉታል። ሁሉ ነገሩ በብስኩት ቆርቆሮ ይገባል። እኔ በባቡር እሰፋለሁ፤ ከዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ግማሽ አልጋ ደርሻለሁ።

በዚህ አገር ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸው ከሚታወቁት ተገጣጥመው የተሰፉ ጨርቆች ሁሉ የሚቀድመው 1718 የሚል የተሰፋበት የሐር አልጋ ልብስ ነው። የብሪታንያ ኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር ንብረት ነው። በወረቀት የተሰፋ ነው፤ ወረቀቶቹም አሁን ድረስ ውስጡ አሉ። በድሮ ኩዊልቶች ውስጥ የቀሩ ወረቀቶች ደብዳቤ፣ የሒሳብ ደብተር፣ የልጆች የጽሕፈት መልመጃ ሆነው ይገኛሉ። ወረቀት ውድ ስለነበረ ያገኙትን ይቆርጡ ነበር። እኔም የደመወዝ ደረሰኜን ነው የምቆርጠው። ከ300 ዓመት በኋላ የከፈተው ሰው ስንት ይከፈለኝ እንደነበር ያንብብና ይዘንልኝ።


አቡጀዴ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

እኔ አልገባኝም። በወረቀት ታስራችሁ፣ በሚሊ ሜትር ተጨቃጭቃችሁ፣ ለሕፃን ብርድ ልብስ!

አላባማ ውስጥ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ዳር ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የባሪያ ልጆች የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ያረጀ የሥራ ሱሪ እየቀደዱ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ማስመሪያ፣ እንደ ዓይናቸው ይሰፋሉ። መስመራቸው ዘንበል ይላል፣ ካሬያቸው ካሬ አይደለም። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አወጣው። የዚህን መንደር ሴቶች ሚሊ ሜትር የጠየቃቸው የለም።


የሚኒያፖሊሷ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

አቡጀዴ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ያ ያለ ሥርዓት የሆነ ነገር እንዳይመስልህ። ከእናት ከአያት ሲያዩ ያደጉ ናቸው፤ ዓይናቸው ማስመሪያቸው ነው። ጀማሪዋ እንዲህ ያለ ዓይን ገና የላትም፤ ወረቀቱ የሚያበድራት እርሱን ነው። ደግሞም ኮከብ ፈልጋለች። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ በእንደወረደ አይሾልም።


ጥለት ሰብሳቢ (አዲስ አበባ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥያቄዬ ስለ ጨርቅ ነው። ከሐበሻ ቀሚስ ሲሰፋ የተረፈ ጥለትና ሸማ በትልቅ ከረጢት ሞልቶ ተቀምጧል፤ መጣልም አልሆነልኝ። በዚህ ዘዴ መስፋት ይቻላል? ወይስ የግድ የፈረንጅ ጥጥ ያስፈልጋል?


ጋሼ ሲንጀር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

ለመልመጃ አቡጀዴ (ጨርቁን ማለቴ ነው፣ ሰውየውን አይደለም)፣ ለሥራው ፖፕሊን። ቴትሮን ተዪው፤ ተተኩሶ አይተኛም፣ እጥፋት አይዝም፣ በዚህ ሥራ ላይ ያናድዳል።

ሸማ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈታ ተደርጎ ስለተሸመነ ክሩ ከጠርዝ ይረግፋል። 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ አይበቃውም፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተዪለት። ከመቁረጥሽ በፊት ስታርች ነክረሽ፣ አድርቀሽ፣ ተኩሺው። ወርቅማ ክር ያለበትን ጥለት በጀርባው በኩል፣ ጨርቅ አልብሰሽ ተኩሺ፤ ብልጭልጩ ሙቀት አይወድም።


የሚኒያፖሊሷ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

በጋሼ ላይ አንድ ልጨምር። ለሸማ ወረቀቱን ትተሽ ንድፉን በእርሳስ ቀጭን አቡጀዴ ላይ አስምሪውና በእርሱ ላይ ስፊ። የሚቀደድ ነገር የለም፤ አቡጀዴው ውስጡ ይቀራል፣ የላላውን ሸማ ዕድሜውን ሙሉ ይደግፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከሐርና ከከፋይ ቁራጭ የተሰፉት «የግንድ ጎጆ» የሚባሉት ኩዊልቶች ብዙዎቹ እንዲህ በጨርቅ መሠረት ላይ የተሰፉ ናቸው፤ መሐል ላይ አንድ ካሬ ሆኖ በዙሪያው ቀጫጭን ቁራጭ እንደ ግንድ ይደረደራል። ጥለት ራሱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ለዚያ ቅርጽ የተፈጠረ ነው። ከከረጢትሽ ሰፍተሽ ፎቶ ካላሳየሽን አንለቅሽም።


ጥለት ሰብሳቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

እናቴ ከረጢቱን ለመጣል ከምትሰጠኝ ሰፋፊ ምክንያቶች ሁሉ ዛሬ አዳናችሁኝ።


ጀማሪዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

ሳምንት ጠፋሁ፤ ስሰፋ ነበር።

አምስት ኮከብ አለቀ፤ አምስቱም 16.5፣ በማስመሪያ ለክቻለሁ። ወረቀቱን ቀድሞ አጥፎ መከርከሙ ሕይወቴን ቀይሮታል። እስከ ሦስተኛው ኮከብ በስፒል እየሞከርኩ ወደ መብራት ሳነሣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተውኩት። የኮከቡ ክፍሎች ለየብቻቸው ተሰፍተው ሲገጠሙ ብቻ ጫፎቹ ትንሽ ይዛነፉ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ያሉት ትልቅ ሴት መላ ሰጡኝ። አንድ ስፒል በአንዱ ወረቀት ጥግ ቀጥ አድርጎ አስገብቶ በሌላው ወረቀት ጥግ ማውጣት ነው፤ ስፒሉ ሳይዘም ከቆመ ጥጎቹ ገጥመዋል።

ልቤ ስላበጠ መሐሉ ላይ በሜዳ ካሬው ፋንታ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ላድርግ አልኩ። ስሙ በ«ባ» ይጀምራል። ፊደሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ያለ ወረቀትም ይሰፋ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ቁም ጽሕፈት እግሮቹ ዘንበል ያሉ እንዲሆኑ ፈለግሁ፣ ለዚህ ደግሞ ከወረቀት የተሻለ የለም። በራሴ እጅ ነደፍኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ሁለት ምሽት ሰፋሁት። አንዲት ስፌት አልፈታሁም።

ገልብጬ አየሁት። የረዘመው የግራ እግሩ ነው። ቆንጆ፣ የተስተካከለ፣ ጫፉ ያማረ «ቦ»።


የሚኒያፖሊሷ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡40

ጥፋቱ የእኔ ነው! በታተመው ገጽ ላይ እየሰፋሽ ጨርቁ ከጀርባው ስለሆነ የሚወጣው ሥራ የወረቀቱ የመስታወት ምስል ነው። ኮከቡ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ አልታየሽም፤ እኔም ለመንገር አልታሰበኝም። ፊደል፣ ቁጥር፣ ወፍ፣ ወደ አንድ ወገን የሚያይ ነገር ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መነደፍ አለበት።


ክር ቆጣሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡55

ከሁሉ የሚገርመው ፊደላችን ስህተቱን መሸፈኑ ነው። በላቲኑ ትልቅ «B» ቢሆን የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። «ባ» ተገልብጦ ሌላ ሙሉ ፊደል ሆኖ ይወጣል። «ሳ» ብትሰፊም «ሶ» ይሆንልሽ ነበር።


ጋሼ ሲንጀር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ልጄ፣ ለምን ትፈቺዋለሽ? ቦጋለ በሉት።


ጀማሪዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ ለእህቴ አነበብኩላት። በዚህ ሆዷ እንዲህ ስትስቅ ፈራሁላት። ባለቤቷ ግን አልተስማማም፤ የአባቱ ስም ነው የወጣለት።

ንድፉን የመስኮት መስታወት ላይ ገልብጬ ለጥፌ በጀርባው በኩል እንደገና አስምሬዋለሁ። ነገ ከሥራ ስመለስ እሰፋዋለሁ። «ቦ»ውን አልፈታሁትም፤ ከትንሹ ኮከብ ጋር ትራስ ይሆናል።